ቶክን፣ ማርካ፣ ኩፖን፣ ኮድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከየካ አባዶ እስከ ቱሉ ዲምቱ፣ ከቦሌ አራብሳ እስከ ጀሞ፣ አዲስ አበባ ዳር የምንኖር ሰዎች የምንጠያየቃቸው ናቸው፤ ከቀላሉ ይጀምራሉ።

ቶክን ሲባል የመብራቱ ብቻ ነው ወይስ ሌላም አለ?

ሰፈር ውስጥ «ቶክን ገዛህ?» ከተባለ አብዛኛውን ጊዜ የመብራቱ ነው። ግን ባንክ ስትገቡ ከማሽኑ የምትወስዷት የወረፋ ወረቀትም ቶክን ናት። ካፌ ውስጥ አስተናጋጁ እጁ ላይ የሚያንቀጫቅጫት ፕላስቲክ (ማርካ)፣ ሱፐርማርኬት በር ላይ ቦርሳ አስቀምጣችሁ የምትቀበሏት ቁጥር፣ የሸማቾች ኩፖን፣ ስልክ ላይ የሚመጣው የማረጋገጫ ኮድ፣ ሁሉም ዘመዳሞች ናቸው።

አንዳቸውም ለብቻቸው ዋጋ የላቸውም። ዋጋ የሚያገኙት «ይህን ይዞ ለመጣ ይህን እሰጣለሁ» ያለ አካል ከጀርባቸው ስላለ ነው። ስለዚህ ከታች ያሉት ጥያቄዎች ብዙዎቹ ዞረው ዞረው እዚሁ ይመጣሉ፦ ቃል የገባው ማን ነው? ባይሰጠኝስ ማንን እይዛለሁ?

ካፌ ውስጥ ሒሳቡን የምከፍለው ለአስተናጋጁ ነው። ማርካ ምን ይሠራል?

ማርካ ለእናንተ ሳይሆን ለቤቱ ነው። ባሬስታው ማሽኑ ጋ ቆሞ ገንዘብ አይነካም። ማርካ ሳይቀበል ደግሞ ቡና አይቀዳም። አስተናጋጁ ጠዋት ከካሸሯ ማርካ በቁጥር ይረከባል። ማኪያቶ ስታዙ የማኪያቶዋን ማርካ ባንኮኒው ላይ ጣል ያደርጋል፣ ባሬስታው ወደ ሳጥኑ ይወረውራታል። ማታ ሳጥኑ ውስጥ ያለው፣ አስተናጋጁ እጅ የቀረውና ካሸሯ የመዘገበችው ይተያያል። ከጎደለ የሚከፍለው አስተናጋጁ ነው።

ማኪያቶ አዛችሁ ከተቀዳ በኋላ «ሻይ ይሁንልኝ» ስትሉ ፊቱ የሚጠቁረውም ለዚህ ነው። ለእናንተ የትእዛዝ ለውጥ ነው፤ ለእሱ ግን አንድ ማርካ ገደል ገባች ማለት ነው። ጭማቂ ቤቶች ብዙ ጊዜ ተራውን ይገለብጡታል፦ መጀመሪያ ካሸር ጋ ትከፍላላችሁ፣ ማርካዋን ወይም ወረቀቷን ይዛችሁ ወደ መጭመቂያው ትሄዳላችሁ።

በር ላይ ቦርሳ ያስቀመጥኩበት ቁጥር ቢጠፋብኝስ?

ጥበቃው ቦርሳውን ዝም ብሎ ካስረከባችሁ ተከፉ፣ ለሌላውም እንዲሁ ያደርጋል ማለት ነውና። ደህና ቤት ከሆነ ውስጡ ያለውን ዕቃ ተናገሩ ይላችኋል፣ መታወቂያ ያያል፣ ያስፈርማል። ገንዘብና ስልክ ግን መጀመሪያውኑ እዚያ አይተዉም።

ጀሪካኔን ሰልፍ ላይ ትቼ ብሄድ ወረፋዬ ይጠበቃል?

እንደ ሰፈሩ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ወይም ቦቴ በሚጠበቅበት ቀን፣ ቢጫ ጀሪካን ሰውን ተክቶ ይቆማል። ይህን ያወጀ መሥሪያ ቤት የለም። ዋስትናው ከፊትና ከኋላ ያሉት ሰዎች ናቸው። እነሱ «ይቺ የእማማ ናት» ካሉ የእማማ ናት።

ደንቡ ግን አለው። ውሃው እስኪመጣ ጀሪካኑ ብቻውን መቆም ይችላል። ሰልፉ መንቀሳቀስ ሲጀምር ባለቤቱ ወይ የተወከለ ሰው መኖር አለበት። ጎረቤት አንድ ሁለቴ በእግሩ ገፋ ገፋ ያደርግላችኋል፣ ሦስተኛው ላይ ይተዋችኋል። ሁሉም ጀሪካን ቢጫ ስለሆነ ምልክት ያስፈልጋል። እጀታው ላይ ቀይ ክር የታሰረበት አለ። በጥፍር ቀለም ስም የተጻፈበት አለ። ክዳኑ ጠፍቶ በፌስታል የተወተፈው ደግሞ ያለ ምልክትም ይታወቃል።

ጠብ የሚነሳው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ድንጋይ ነው፦ አንዳንዱ ሰፈር ድንጋይን እንደ ጀሪካን ይቆጥራል፣ አንዳንዱ አይቆጥርም። እኔ ከማይቆጥሩት ወገን ነኝ። ድንጋይ ማንም ያነሳል፣ ማንም ይጨምራል። ሁለተኛው አንድ ሰው ስምንት ጀሪካን ሲደረድር ነው። «በሰው ነው ወይስ በጀሪካን?» የሚለውን ውሃው ሳይመጣ ተነጋገሩበት። ከመጣ በኋላ የሚሰማችሁ የለም።

በቅርጫ ዕጣ ሲጣል ቁልፍና ቆርኪ መሰብሰብ ለምን አስፈለገ? በስም አይከፋፈልም?

በስም ከሆነ የሚያከፋፍለው ሰው ያዳላል፣ ባያዳላም ይታማል። ስለዚህ እያንዳንዱ ባለድርሻ የራሱን ምልክት ይሰጣል፦ የበር ቁልፍ፣ የቢራ ቆርኪ፣ የክብሪት እንጨት፣ ጫፉ የተሰበረ ስንደዶ። ሥጋው በየመደቡ ተደርድሮ ካለቀ በኋላ ምልክቶቹን የትኛው የማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ይጠራል። ብዙ ጊዜ ልጅ ነው። በየመደቡ ላይ አንድ አንድ እያደረገ ይዞራል። ቁልፌ የተቀመጠበት መደብ የእኔ ነው፣ አለቀ። ሻኛው ለጎረቤት ቢደርስም የሚወቀስ የለም።

ሌላው ዘዴ አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ «ይሄ ለማን?» ሲባል ስም መጥራት ነው። ያም ይሠራል። ነገር ግን ጓሮ ውስጥ መስታወት ያለው መኪና ቆሞ ከሆነ ቆርኪው ይሻላል።

ባለሱቁ መልስ የለኝም ብሎ ማስቲካ ቢሰጠኝ መቀበል አለብኝ?

የለባችሁም። መልስ የሚሰጠው በብር ወይም በሳንቲም ነው፤ ሕጋዊ መገበያያው ብሔራዊ ባንክ ያወጣው ገንዘብ ነው። ማስቲካው የባለሱቁ የግል ገንዘብ ሆኗል ማለት ነው፤ ያውም ወደ አንድ በኩል ብቻ የሚሄድ። በማግስቱ ያንኑ ማስቲካ ይዛችሁ ዳቦ ለመግዛት ሞክሩ፣ የሚላችሁን ትሰማላችሁ።

እርግጥ ሳንቲም የሚጠፋበት ጊዜ አለ። የታክሲ ረዳትም «የሁለታችሁ ነው» ብሎ ከማታውቁት ሰው ጋር በአንድ የብር ኖት ያጋባችኋል። እንዲህ ሲሆን በቴሌብር መክፈል ወይም ለነገ ማስመዝገብ ይቀላል። በድሮ ጊዜ አሞሌ ጨው ገንዘብ ነበር። ከአፋር ጨው ሜዳ ተቆርጦ ይመጣል፣ ከምንጩ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። ግን አሞሌ ቢያንስ ገበያው እምቢ ካለው ወጥ ውስጥ ይገባል። ማስቲካ ምን ይደረጋል?

የሸማቾች ኩፖኔን ለሌላ ሰው መስጠት እችላለሁ?

ስኳርና ዘይት የሚታደልበት ኩፖን ለቤተሰብ የተመደበ ነው፤ ስም ተጽፎበታል፣ ሲወሰድ ይፈረምበታል። የቤተሰብ አባል ይዞት ቢሄድ ብዙ ቦታ ችግር የለም። መሸጥ ግን ሌላ ነገር ነው፣ ቢደረስበት ድርሻውን ሊያሰርዝ ይችላል። ወደ ሌላ ወረዳ ከተዛወራችሁ የድሮውን መልሳችሁ በአዲሱ ተመዝገቡ።

ለመብራት ሃያ ቁጥር ብቻ ተጭኖ እንዴት ኪሎዋት ይሞላል? ቆጣሪው ኢንተርኔት አለው እንዴ?

በቁጥር የሚሞላ ቆጣሪ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ዘዴው በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተሠራ ነው፣ ኤስቲኤስ ይባላል፣ ዛሬ በብዙ አገር ይሠራበታል። እያንዳንዱ ቆጣሪ ውስጥ የራሱ ብቻ የሆነ ሚስጥራዊ ቁልፍ አለ። ሻጩም ጋ ያው ቁልፍ አለ። ስትከፍሉ ሲስተሙ የገዛችሁትን የኪሎዋት ሰዓት (በሰፈር አነጋገር ኪሎዋት) መጠንና ቶክኑ የተሠራበትን ደቂቃ ይወስዳል፣ በዚያ ቁልፍ ይቆልፈዋል፣ ሃያ አሃዝ ሆኖ ይወጣል። ቆጣሪው ቁጥሩን በቁልፉ ይከፍታል፣ መጠኑን ያነባል፣ ይጨምራል።

ከዚህ ሦስት ነገር ይከተላል። የጎረቤት ቆጣሪ ቁጥራችሁን አይቀበልም፣ ቁልፉ ሌላ ነውና። ያንኑ ቁጥር ሁለቴ ብትጭኑት አይሞላም፣ ደቂቃው ተመዝግቧል። ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም፦ ደረሰኙን ሌላ ሰው ቢያየው አትጎዱም። የሞባይል ካርድ ቁጥር ቀድሞ ያየ ይበላዋል። የመብራት ቶክን ግን ከእናንተ ቆጣሪ ውጪ ለማንም አይሠራም። ስለዚህ ክፍለ ሀገር ያለ ልጅ ከዚያው ገዝቶ ለእናቱ ቁጥሩን በቴሌግራም ቢልክላት ምንም አይደለም።

እኛ አገር ግን ብዙ ቤት የለመደው ካርዱን ነው። ካርዱ ተወስዶ ይሞላል፣ ቆጣሪው ላይ ሲሰካ ሒሳቡ ይገባል። ካርዱ ከጠፋ ቆጣሪው ውስጥ የገባው አይጠፋም። ለሚቀጥለው ግን ምትክ ማውጣት ግድ ነው። ኪሎዋቱ ሊያልቅ ሲል አርብ ማታ ካርድ ከመፈለግ ያድናችሁ። ለጥያቄ የኤሌክትሪክ አገልግሎት የጥሪ ማዕከል 905 ነው።

ባለፈው ወር በዚሁ ብር የበለጠ ኪሎዋት አግኝቼ ነበር። ተሰረቅኩ?

ከመጠርጠራችሁ በፊት ሦስት ነገር እዩ። አንደኛ፣ ታሪፉ ደረጃ አለው። የወሩ ፍጆታ ከፍ ባለ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ዋጋም ከፍ ይላል። ሁለተኛ፣ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ታሪፉ በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተወስኗል፣ ስለዚህ የዘንድሮና የአምናው አይመሳሰልም። ሦስተኛ፣ ወርሃዊ የአገልግሎት ክፍያ አለ። ለወራት ሳትሞሉ ከቆያችሁ የተጠራቀመው በአንዴ ሊቆረጥ ይችላል።

ከተማው ዳር ያለው ትልቁ ችግር የጋራ ቆጣሪ ነው። በአንድ ግቢ አምስት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ፍጆታው ተደምሮ ወደ ውዱ ደረጃ ይወጣል። እያንዳንዱ ለብቻው ቆጣሪ ቢኖረው ኖሮ በርካሹ ይጠቀም ነበር። አከራዩ አልሰረቀም፤ ግን ሁሉም የሚከፍለው በዝቷል። በዚያ ላይ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። እንጀራ በየሁለት ቀኑ የሚጋገርበት ክፍልና አንድ አምፖል ብቻ ያለው ክፍል እኩል ሲካፈሉ መኮራረፍ ይመጣል። በየክፍሉ ትንሽ ቆጣሪ ማስገባት ደረጃውን ባያወርደውም ክፍፍሉን ፍትሐዊ ያደርገዋል።

አንዳንድ አገር ቆጣሪዎች በአንድ ቀን ቶክን መቀበል ሊያቆሙ ነበር የተባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ኤስቲኤስ ቶክን ላይ የሚጻፈው ደቂቃ የተቆጠረው ከጥር 1 ቀን 1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። ለቁጥሩ የተሰጠው ቦታ 16,777,216 ደቂቃ ብቻ ይይዛል፣ ወደ 32 ዓመት ማለት ነው። ያ ቦታ የሞላው ኅዳር 15 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር። መቁጠሪያው ወደ ዜሮ ሲመለስ ቆጣሪው አዲሱን ቶክን አሮጌ ነው ብሎ ይጥለዋል።

መፍትሔው ቆጣሪውን የማይሞሉ፣ ቁልፉን ብቻ የሚቀይሩ ሁለት ልዩ ቶክኖች ነበሩ። ሁለቱንም በየተራ ማስገባት፣ ከዚያ መደበኛውን መግዛት። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሚሊዮኖች ቆጣሪዎች ላይ ይህ ተሠርቷል። በካርድ የሚሞላ የተለየ ዓይነት ቆጣሪ ያለው ሰው ይህ አይመለከተውም።

ስልኬ ላይ ኮድ መጣ፣ አንድ ሰው ደውሎ «አንብብልኝ» አለኝ። ምን ላድርግ?

ስልኩን ዝጉት። የማረጋገጫ ኮድ (ኦቲፒ) ለጥቂት ደቂቃ የሚቆይ የቤታችሁ ቁልፍ ነው። የሚላከውም ባለቤቱ እናንተ መሆናችሁን ለማየት ነው። የጠየቃችሁት ነገር ሳይኖር ኮድ ከመጣ አንድ ሰው በር ላይ ቆሟል ማለት ነው። ቁልፉን የሚያገኘው እናንተ ካነበባችሁለት ብቻ ነው።

አነጋገራቸው ይለያያል። «ሽልማት ደርሶዎታል»፣ «ሒሳብዎ ሊዘጋ ነው»፣ «በስህተት ብር ልኬብዎታለሁ»፣ ይሉና ሁሉም መጨረሻው «አሁን የመጣውን ቁጥር ይንገሩኝ» ነው። ድምፃቸው የሠለጠነ ነው፣ ስማችሁንም ሊያውቁ ይችላሉ። የባንክም ሆነ የቴሌብር እውነተኛ ሠራተኛ ይህን ኮድም ሆነ የሚስጥር ቁጥራችሁን አይጠይቅም። አንብባችሁ ከሆነ ሰዓት አታጥፉ፦ የሚስጥር ቁጥሩን ቀይሩ፣ ባንካችሁ ጋ ደውላችሁ አሳግዱ፣ ቴሌብር ከሆነ 127 ላይ ደውሉ።

እናትና አባቶቻችንን ስንነግር «ኦቲፒ» ማለት አይጠቅምም። «ስልክሽ ላይ የመጣ ቁጥር ለልጅሽም አይነገርም» ብትሏቸው ይበቃል። እናቴ ይህን ከሰማች ወዲህ ለእኔም እምቢ ትላለች፣ ልክ ነች።

ቤት አይቼ ቀብድ ሰጠሁ፣ ከዚያ ሐሳቤን ቀየርኩ። ብሬ ይመለሳል?

ሌላ ስምምነት ከሌለ አይመለስም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1883 እስከ 1885 ስለ ቀብድ ይናገራል። ቀብድ መስጠት ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው። ሰጪው ከውሉ ቢወጣ ቀብዱን ያጣል። ተቀባዩ ቢወጣ ግን እጥፉን ይመልሳል። 5,000 ብር ሰጥታችሁ አከራዩ «የተሻለ ከፋይ መጣ» ካለ 10,000 ብር መጠየቅ ትችላላችሁ። ብዙ ተከራይ የራሱን ብር ብቻ ተቀብሎ አመስግኖ ይሄዳል።

ጥንቃቄው ወረቀቱ ላይ ነው። «ቀብድ» ተብሎ ካልተጻፈ ሌላው ወገን «የቅድሚያ ክፍያ ነው» ሊል ይችላል፣ ክርክሩም ሌላ ይሆናል። መጠኑ፣ ቀኑ፣ የቤቱ አድራሻና የሁለታችሁ ፊርማ ይኑር። ሌላው፣ ቀብድ ለደላላ አይሰጥም። ደላላው ቤቱን የማከራየት ቃል ሊገባላችሁ አይችልም፤ ቤቱ የእሱ አይደለምና። «ባለቤቷ ውጭ አገር ናት፣ እኔ እቀበልላታለሁ» ከተባለ ውክልናውን አሳዩኝ በሉ።

ቴሌግራም ላይ ስልክ እየነካኩ የሚሰበሰበው ቶክን ገንዘብ ይሆናል?

በ2016 ዓ.ም. ታክሲ ውስጥም ቢሮም ሰው ሁሉ ስክሪኑን ሲደበድብ አይታችኋል። ኖትኮይን ነበር፣ ቀጥሎ ሃምስተር ኮምባት መጣ። ሁለቱም በመጨረሻ ገበያ ላይ የሚሸጥ ቶክን አውጥተዋል፣ ስለዚህ «ሁሉም ውሸት ነው» ማለት አይቻልም። ግን ሃምስተር ሲከፈል ለብዙ ሰው የደረሰው ለወራት የጠበቀውን ያህል አልነበረም። ቀድመው የገቡ ያተርፉ ይሆናል፤ ኋላ የገባ ጣቱን ያደክማል።

ከመጀመሪያው ጥያቄ ጋር አያይዛችሁ እዩት። የካፌ ማርካ ካፌው ቡና ይሰጥበታል። የዚህኛው ዋጋ ግን ነገ ሌላ ሰው ሊገዛው መፈለጉ ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ክሪፕቶ (እንደነዚህ ያለ ዲጂታል ገንዘብ) ለክፍያ የተፈቀደ እንዳልሆነ አስታውቋል። ስለዚህ ብትከስሩ የምትከሱት የለም። ነፃ ሆኖ ጊዜ ብቻ የሚበላ ከሆነ ምርጫው የእናንተ ነው። «መጀመሪያ ይህን ያህል አስገባ፣ ሰው አምጣ» ካለ ግን ውጡ።

ኤአይ ስጠቀም «ቶክን አለቀ» ይለኛል። ይሄኛው ደግሞ ምንድን ነው? በአማርኛ ስጽፍ ለምን ቶሎ ያልቃል?

እንደ ቻትጂፒቲ ያሉት የኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ፕሮግራሞች ጽሑፍን እንደ እኛ በቃል አያነቡም። ቆራርጠው ነው የሚያነቡት፣ እያንዳንዷ ቁራጭ ቶክን ትባላለች። የምትልኩትም የሚመልሱትም በቁራጭ ይቆጠራል፣ ገደቡም ክፍያውም በዚያ ይሰላል።

መቁረጫው የተዘጋጀው ይበልጡን በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ላይ ስለሆነ የተለመደ የእንግሊዝኛ ቃል ብዙ ጊዜ አንድ ቁራጭ ይሆናል። ፊደላችን ግን ኮምፒውተር ውስጥ ሲቀመጥ አንዱ ሆሄ ሦስት ባይት (የኮምፒውተር የማስቀመጫ መለኪያ) ይይዛል፣ የላቲኑ ፊደል አንድ ብቻ። «ሰላም» ዘጠኝ ባይት ነው። መቁረጫው አማርኛን በደንብ ካልለመደ ቃሉን ብዙ ቦታ ይበጣጥሰዋል። ስለዚህ ያንኑ ሐሳብ በአማርኛ መጻፍ የበለጠ ቶክን ይበላል። አዳዲሶቹ ከድሮዎቹ እየተሻሉ ነው፣ እኩል ግን አልሆኑም።

ለጊዜው የሚያግዘው ረጅም ሰነድ ሲኖር የሚያስፈልገውን ክፍል ብቻ ቆርጦ መላክና ለአዲስ ጉዳይ አዲስ ውይይት መክፈት ነው፤ የድሮው ንግግር በየመልእክቱ እንደገና ይቆጠራልና። በላቲን ፊደል «selam new» እያሉ መጻፍ ግን አልመክርም፤ ቶክን ቢቀንስም ፕሮግራሙ የሚረዳው ይበላሻል።